የታመመው ሕዋሱ ነው ወይስ የእኛ አያያዝ? ጅማ ላይ የመከላከያ ሕዋሳትን ማይቶኮንድሪያ ለመለካት

በማገዶ ጭስ ውስጥ ለዓመታት እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት፣ ቀኑን በቡና መፈልፈያ አቧራ ውስጥ የሚውል ሠራተኛ፣ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ወጣት፤ ሦስቱም ሳንባቸው ውስጥ ብግነት ሊኖር ይችላል፣ መነሻው ግን ለየቅል ነው። የመከላከያ ሕዋሳታቸውን ከደማቸው ለይቶ ማይቶኮንድሪያቸው እንዴት እንደሚሠራ ማየት፣ ብግነቱ ለምን አልበርድ እንዳለ ብዙ ይነግራል። ችግሩ ማይቶኮንድሪያ ለበሽታው መልስ እንደሚሰጥ ሁሉ ለእኛ አያያዝም መልስ መስጠቱ ነው። መንገድ ላይ የዘገየ ደም፣ ኢንዶቶክሲን (የባክቴሪያ ሽፋን መርዝ) ያለበት ውሃ፣ ለባሕር ጠለል የተጻፈን ቁጥር እንዳለ ጅማ ላይ መጠቀም፤ እያንዳንዳቸው «የተጎዳ ማይቶኮንድሪያ» የሚመስል ውጤት ያመጣሉ። እዚህ የተጻፈው ይህን ሥራ በላቦራቶሪ ለሚጀምሩ ነው፤ ውጤት ከመተርጎም በፊት የትኛው ስህተት የትኛውን የውሸት መልክ እንደሚሰጥ እንዲያውቁት።

መጀመሪያ የምንለካው ነገር ምን እንደሆነ እንግባባ። ማይቶኮንድሪያን በትምህርት ቤት የምንተዋወቀው የሕዋስ ኃይል ማመንጫ ተብሎ ነው። ለመከላከያ ሕዋስ ግን ከዚያም ይበልጣል። የውስጠኛው ሽፋኑ በሁለቱ ጎኖቹ መካከል ከ150 እስከ 180 ሚሊቮልት የሚደርስ ልዩነት ይዞ ይኖራል፤ ሕዋሱ ኃይል የሚያገኝበት ኤቲፒ የሚመረተውም በዚህ ልዩነት ነው። በሳንባ የአየር ከረጢቶች ውስጥ የሚኖረው ማክሮፋጅ (ባዕድ ነገር የሚውጥ የመከላከያ ሕዋስ) በሰላሙ ጊዜ በዋናነት የሚተዳደረው በዚሁ መንገድ፣ ኦክስጅን እየተጠቀመ ነው። ከረጢቱን የሚያረጥበው ስስ ፈሳሽ ከደም እጅግ ያነሰ ግሉኮስ ስላለው፣ በስኳር ብቻ ልኑር ቢል አያዋጣውም።

ኤልፒኤስ የተባለው የባክቴሪያ ሽፋን ቁራጭ ሲነካው ነገሩ ይለወጣል። ማክሮፋጁ ግሉኮስን በፍጥነት ወደ ላክቴት መለወጥ ይጀምራል፤ ማይቶኮንድሪያው ደግሞ ኤቲፒ ማምረቱን ቀንሶ መልእክት አመንጪ ይሆናል። የክሬብስ ዑደት (ማይቶኮንድሪያ ምግብን ደረጃ በደረጃ የሚያቃጥልበት የኬሚካል ዑደት) ሁለት ቦታ ላይ ይሰናከልና ከዑደቱ ውጤቶች አንዱ፣ ሰክሲኔት፣ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2013 በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የሉክ ኦኔል ቡድን እንዳሳየው፣ የተከማቸው ሰክሲኔት ሂፍ-1 አልፋ የተባለውን ፕሮቲን ከመፈራረስ ያድነዋል፤ እሱም ብግነት ቀስቃሹ ኢንተርሉኪን-1 ቤታ በብዛት እንዲመረት ያደርጋል። ሙቀት፣ እብጠት፣ ወደ ሳንባ የሚጎርፍ ኒውትሮፊል (ቀድሞ ደራሹ ነጭ የደም ሕዋስ) ከዚህ ይከተላሉ። ከዚያው ዑደት የሚወጣው ኢታኮኔት በበኩሉ እንደ ፍሬን ነው፤ ሰክሲኔትን የሚያቃጥለውን ኢንዛይም ይይዛል፣ ብግነቱንም ያበርዳል። እሳቱም ማጥፊያውም ከአንድ ቤት ይወጣሉ ማለት ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ይህ ታሪክ በስፋት የተጠናው ከአይጥ መቅኒ በበቀሉ ማክሮፋጆች ላይ ነው። የሰው ሕዋሳትም ሆኑ የአየር ከረጢት ማክሮፋጆች ወደ ግሉኮስ የሚያደርጉት ሽግግር ከዚያ የደከመ ነው። ስለዚህ ላክቴት ብዙም አልጨመረም ብሎ ሙከራውን መጣል አያስፈልግም።

ሁለተኛው መንገድ መፍሰስ ነው። ማይቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ በሰው 16,569 የቤዝ ጥንድና 37 ጂኖች ያሉት ክብ ዲኤንኤ ነው። ትውልዱ ከባክቴሪያ ስለሆነ ዲኤንኤውም፣ ፎርሚል ያለባቸው ፕሮቲኖቹም ለመከላከያ ሥርዓታችን ባዕድ ይመስላሉ። በቦታቸው እስካሉ ማንም አይነካቸውም። ሕዋስ ተቀዶ ሲፈሱ ግን ዲኤንኤው ቲኤልአር-9 እና ሲጋስ የተባሉትን ባዕድ ዲኤንኤ ለዪ ፕሮቲኖች ያስነሳል፣ ፎርሚል ያለባቸው ፕሮቲኖች ደግሞ ኒውትሮፊልን ይጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የቦስተን ተመራማሪዎች ሥራ፣ ከባድ የአካል ጉዳት በደረሰባቸው ሰዎች ደም ውስጥ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ በብዛት እንደሚገኝና የማይቶኮንድሪያ ስብርባሪ ምንም ጀርም ሳይኖር የእንስሳትን ሳንባ እንደሚያስቆጣ አሳይቷል። አክታው ምርመራ ላይ ምንም ያልበቀለበት ታካሚ ሳንባው ለምን ይቃጠላል ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ እዚህ አለ። በተጨማሪም የቫይረስ አርኤንኤ ሲገኝ ማስጠንቀቂያውን የሚያስተላልፈው ማቭስ የተባለው ፕሮቲን ተተክሎ የሚገኘው በማይቶኮንድሪያ ውጨኛ ሽፋን ላይ ነው።

ከዚህ ተነስተን አቋማችንን እንናገር፦ በአንድ መለኪያ ብቻ «ማይቶኮንድሪያው ተጎድቷል» ማለት አይቻልም። የሽፋኑ ቮልቴጅ፣ የኦክስጅን ፍጆታ፣ ላክቴት፣ ከሕዋስ ውጭ የፈሰሰ ዲኤንኤ፤ ቢያንስ ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ማመልከት አለባቸው።

ሥራው ከደም አቀዳዱ ይጀምራል። ለሕያው ሕዋስ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ያለበት አረንጓዴ ክዳን ቱቦ ይሻላል፤ ሌላው መርጋት ከልካይ፣ ኢዲቲኤ፣ ካልሲየም ስለሚያስር የሕዋሱን ባሕርይ ይለውጣል። ለፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ ለመለካት) ከሆነ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሄፓሪን የፒሲአርን ኢንዛይም ስለሚያውክ ሐምራዊ ክዳኑን፣ ኢዲቲኤውን ያዙ። ሁለቱንም ልትሠሩ ካሰባችሁ ሁለት ቱቦ ይቀዳ። ደሙ በረዶ ላይ አይቀመጥም። ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ቦታ ቆይቶ በአራት ሰዓት ውስጥ መሠራት አለበት፤ ኒውትሮፊል ከሆነ በሁለት ሰዓት። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደሙ ጠዋት ከተቀዳ ለቀትር በፊት ሥራ ይደርሳል፣ ከሰዓት በኋላ ከተቀዳ ግን ማደሩ ነው፤ ያደረ ደም ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በመኪናው የፊት መስታወት ሥር ፀሐይ የሚመታው ቦታ ላይ ቱቦ ማስቀመጥ የዘመናት ክርክር የማይፈታው ውጤት ያመጣል፤ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ በካርቶን ሳጥን ውስጥ ይምጣ።

ከሁሉ በላይ የሚረዳው ዘዴ ምንም ወጪ የለውም፦ ጤናማው ማነጻጸሪያ ሰው ደሙን የሚሰጠው ከታካሚው ጋር በአንድ ቀንና በአንድ ቦታ ይሁን፣ ደሙም በአንድ መኪና ይምጣ። የታካሚው ደም ከገጠር ሁለት ሰዓት ተጉዞ፣ የጤነኛው ደግሞ ከላቦራቶሪው ኮሪደር ተቀድቶ ቢነጻጸር፣ የሚለካው ልዩነት የመንገዱ ሊሆን ይችላል።

ውሃውን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በኦቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ማምከኛ) የተቀቀለ ውሃ ከሕያው ባክቴሪያ ነጻ ነው፤ ከኢንዶቶክሲን ግን ነጻ አይደለም። ኢንዶቶክሲን ማለት ያው ኤልፒኤስ ነው። ሆን ብለን ማክሮፋጅ ለማስቆጣት የምንጠቀመው በሚሊሊትር 100 ናኖግራም ብቻ ነው፤ ሞኖሳይት (ማክሮፋጅ ሊሆን የሚችለው የደም ሕዋስ) ከዚህ እጅግ ላነሰ መጠንም ይነሳል። በላቦራቶሪው የተዘጋጀ ፒቢኤስ (ጨዋማ ማጠቢያ ፈሳሽ) ይህን ከያዘ «ያልተነካ» የተባለው ማነጻጸሪያ ሕዋስ ገና ሳይጀመር ተቆጥቶ ይገኛል፤ በታካሚና በጤነኛ መካከል ያለው ልዩነትም ይጠፋል። ሕዋሱን ለሚነካ ፈሳሽ ሁሉ በመርፌ ለሚሰጥ መድኃኒት የተዘጋጀ ውሃ ወይም ሳላይን መጠቀም ቀላሉ መፍትሔ ነው። የብርጭቆ ዕቃ ከሆነ በደረቅ ሙቀት፣ በ250 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይጋገር።

ኦቶክሌቩ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 82 ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ ውሃም የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ ይሆናል፤ እዚህ ግን 118 ገደማ ላይ ይቆማል። 121 ለመድረስ መለኪያው 18 አካባቢ ማንበብ አለበት። ስለዚህ የሚታየው ቴርሞሜትሩ ነው። መሣሪያው ያንን ግፊት ለመሸከም ካልተሠራ ግን ግፊቱን ሳይሆን ጊዜውን አራዝሙ።

ነጭ ሕዋሳትን ከደሙ መለየቱ በፊኮል ነው፣ ጥግግቱ 1.077 በሆነው ፈሳሽ። ደሙን በእኩል መጠን ፒቢኤስ አቅጥኑት። በ15 ሚሊሊትር ቱቦ ውስጥ 4 ሚሊሊትር ፊኮል አድርጉና 8 ሚሊሊትር የቀጠነ ደም በቱቦው ግድግዳ ላይ ቀስ እያላችሁ አንጠባጥቡበት። ከዚያ በ400 ጂ (ከመሬት ስበት 400 እጥፍ በሆነ ኃይል) ለ30 ደቂቃ፣ በ20 ዲግሪ፣ ፍሬኑ ጠፍቶ ይሽከርከር። ከመመሪያ ላይ «1,500 ዙር» የሚለውን ብቻ መገልበጥ ስህተት ነው፤ ዙሩ ከሴንትሪፉጁ ክንድ ርዝመት ጋር ይለያያል። ክንዱ በሴንቲሜትር ተለክቶ በ0.00001118 ይባዛል፤ 400ን ለዚህ ውጤት አካፍላችሁ ካሬ ሥሩን ስትወስዱ ዙሩ ይወጣል። 16 ሴንቲሜትር ክንድ ላለው 1,500 ያህል፣ 10 ሴንቲሜትር ላለው ደግሞ 1,890 ያህል ይሆናል። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ አትደንግጡ፤ ሴንትሪፉጁ በራሱ ቀስ ብሎ ይቆማል፣ ንብርብሩ ካልተናወጠ የቀረውን ደቂቃ መጨረስ ይቻላል። ፊኮሉ ከፍሪጅ እንደወጣ ከተጠቀማችሁበት ግን ጥግግቱ ከፍ ብሎ ቀይ የደም ሕዋስ ከነጩ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል።

ከፊኮሉ በላይ የተንሳፈፈውን ነጭ የሕዋስ ቀለበት ከሰበሰባችሁ በኋላ ያለው እጥበት ለማይቶኮንድሪያ ጥናት ዋናው ቦታ ነው፤ እኛ በጣም የምንጨነቀውም እዚህ ላይ ነው። ቀለበቱ ውስጥ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ትንሹ የደም ክፍል) በብዛት አለ። ፕሌትሌት ኒውክሊየስ የለውም፤ ማይቶኮንድሪያና የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ግን አለው፣ ላክቴትም ያመርታል። ስለዚህ በአንድ ሕዋስ ስንት የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ አለ ብላችሁ ከኒውክሊየስ ዲኤንኤ ጋር ብታነጻጽሩ፣ ፕሌትሌት የቀረበት ናሙና በውሸት ከፍ ይላል። ብግነት ያለበት ታካሚ የፕሌትሌት ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ስለሚሆን ስህተቱ በአጋጣሚ አይበተንም፤ ወደ ታካሚው ጎን ያጋድላል። መፍትሔው በ200 ጂ ለ10 ደቂቃ ማጠብ፣ ከላይ የቀረውን ደመናማ ፈሳሽ መድፋት፣ ይህንንም ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መድገም ነው። ከዚያ ጠብታ በማይክሮስኮፕ ተመልክታችሁ ፕሌትሌቱ መጥፋቱን አረጋግጡ። ሕያውነቱን በ0.4 በመቶ ትራይፓን ብሉ (የሞተ ሕዋስን ብቻ በሚያቀልመው)፣ እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቁጠሩ። ከ95 በመቶ በታች ከሆነ በዚያ ናሙና የቮልቴጅ ልኬት አትሥሩ።

ሞኖሳይቱን ማክሮፋጅ ማድረግ ለሚፈልግ፣ ሕዋሱ በፕላስቲክ ላይ ለሁለት ሰዓት በ37 ዲግሪ ይጣበቅና ያልተጣበቀው ይታጠባል፤ ከዚያ በሚሊሊትር 50 ናኖግራም ጂኤም-ሲኤስኤፍ (የሕዋስ ማሳደጊያ ፕሮቲን) ሰባት ቀን ያሳድጉታል። ለሳንባው ማክሮፋጅ ከሌላው ማሳደጊያ፣ ከኤም-ሲኤስኤፍ፣ ይልቅ ይህ ይቀርባል፤ የአየር ከረጢት ማክሮፋጅ በተፈጥሮ የሚያድገው በጂኤም-ሲኤስኤፍ ነውና። አርፒኤምአይ 1640 የተባለው የሕዋስ ምግብ በሊትር 2 ግራም ግሉኮስ አለው፤ ይህ የደም ግሉኮስ እጥፍ ነው፣ ከሳንባ ፈሳሽ ጋርማ አይወዳደርም። በዚህ ውስጥ ያደገ ሕዋስ ስኳር ስለጠገበ ማይቶኮንድሪያው ቢታመምም ላያስታውቅ ይችላል።

የኢንኩቤተሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድም የከፍታ ጉዳይ ነው። በባሕር ጠለል 5 በመቶ ማለት 5 ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ ጅማ ላይ ያው 5 በመቶ 4.1 ብቻ ይሆናል። የሕዋስ ምግቡ ፒኤች በ0.1 ያህል ወደ ላይ ይሄዳል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ግሉኮስ የሚያቃጥሉ ኢንዛይሞች ፒኤች ሲጨምር ይፈጥናሉ፣ ላክቴትም ይጨምራል። መሣሪያው የከፍታ ማስተካከያ ካለው ተጠቀሙበት፤ ከሌለው ወደ 6 በመቶ ከፍ አድርጉና ምግቡ ካደረ በኋላ ከኢንኩቤተሩ እንደወጣ ወዲያው ፒኤቹን ለኩ።

አሁን ወደ ቀለሙ። ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ወይም ፍሎ ሳይቶሜትር ካለ፣ በቮልቴጁ ልክ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ የሚከማቸው ቀለም ቲኤምአርኤም በ20 ናኖሞላር፣ ለ30 ደቂቃ፣ በ37 ዲግሪ። መጠኑን አብዝቶ «ደምቆ ይታይ» ማለት ያሳስታል፤ ቀለሙ ማይቶኮንድሪያው ውስጥ ከመጠን በላይ ሲታጨቅ ራሱን በራሱ ያደበዝዛል፣ ቮልቴጁ ሲወርድም ይባስ ደምቆ ይታያል። ከታጠበ በኋላም ያው 20 ናኖሞላር በፈሳሹ ውስጥ ይቆይ፤ አለበለዚያ እያየነው ይፈስሳል። ሕዋሱን በፎርማሊን ገድሎ ማቆየት አይቻልም፣ በሕይወቱ መታየት አለበት። ለእያንዳንዱ ናሙና ሁለት ማነጻጸሪያ የግድ ነው፦ አንዱ ምንም ቀለም ያልነካው፣ ሌላው 5 ማይክሮሞላር ኤፍሲሲፒ ለአሥር ደቂቃ የተጨመረበት። ኤፍሲሲፒ ቮልቴጁን ያፈርሳል፤ በእሱ ያልደበዘዘ ብርሃን የማይቶኮንድሪያ አይደለም። ሴረም ባለበት ከጨመራችሁት አልቡሚን ይይዘውና ሥራውን ይቀንሳል። አንዳንድ ሊምፎሳይቶች ደግሞ እነዚህን ቀለሞች በፓምፕ ወደ ውጭ ይገፏቸዋል፤ ቮልቴጅ የወረደ የሚመስለው ከፊሉ ይህ ነው።

ከሳንባ እጥበት (ሳንባ ውስጥ ሳላይን ከትቶ መልሶ ከመምጠጥ) የተገኘ ማክሮፋጅ በራሱ ያበራል፤ የጭስ ጥቀርሻ የዋጠው ደግሞ በማይክሮስኮፕ ጥቁር ነጠብጣብ ሞልቶት ይታያል፣ ጥቁሩም ብርሃኑን ይውጠዋል። ስለዚህ ቀለም ያልነካው ማነጻጸሪያ ከዚያው ሰው መሆን አለበት። የሳንባ እጥበት ሐኪም ለሕክምና ሲያዝ ብቻ፣ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ የሚወሰድ ነው። በጤነኛ የማያጨስ ሰው እጥበት ውስጥ ማክሮፋጅ ከ85 በመቶ በላይ፣ ኒውትሮፊል ከ3 በመቶ ያልበለጠ ነው። የነቀርሳ ጥርጣሬ ካለ ሁሉም ሥራ በደረጃ ሁለት የደህንነት ካቢኔት ውስጥ ነው፤ የሴንትሪፉጁ ባልዲም የሚከፈተው እዚያው ነው።

ፍሎረሰንስ በሌለበት ኤምቲቲ አለ፣ የሕያው ሕዋስ ኢንዛይሞች ወደ ሐምራዊ የሚቀይሩት ቢጫ ቀለም። በሚሊሊትር 5 ሚሊግራም ከተዘጋጀው ላይ 10 ማይክሮሊትር ወደ 100 ማይክሮሊትር ሕዋስ ጨምሩ፤ ሦስት ሰዓት ጨለማ ውስጥ ይቆይ፣ ሐምራዊውን በዲኤምኤስኦ አሟሙና በ570 ናኖሜትር አንብቡ። ይህ ማይቶኮንድሪያን ለብቻው አይለካም፤ ከማይቶኮንድሪያ ውጭ ያሉ ኢንዛይሞችም ኤምቲቲን ይቀይራሉ፣ የሕዋሱ ብዛትም ውጤቱን ይወስናል። ጅማ ላይ ደግሞ የተለየ ወጥመድ አለው። የቡና ገለባና የቡና አቧራ ጭማቂ፣ እንዲሁም እንደ ዳማከሴና ጤና አዳም ያሉ ቅጠሎች ጭማቂ ፖሊፌኖል ስላላቸው ሕዋስ ሳይኖርም ኤምቲቲን ሐምራዊ ሊያደርጉት ይችላሉ። «ጭማቂው የሕዋሱን ማይቶኮንድሪያ አበረታ» የሚል ድምዳሜ የሚወለደው ከዚህ ነው። ጭማቂና ኤምቲቲ ብቻ ያለበት፣ ሕዋስ የሌለበት የሙከራ ሳህን ጉድጓድ ሁልጊዜ ይኑር። የአቧራ ጭማቂ ኢንዶቶክሲንም ስላለው፣ ብግነት ቢያስነሳ አቧራው ነው ወይስ የያዘው ኤልፒኤስ የሚለውን ለመለየት ኤልፒኤስን የሚያስር ፖሊሚክሲን ቢ የተጨመረበት ጎን ለጎን ይሠራ።

የኦክስጅን ኤሌክትሮድ ያላችሁ፣ መለኪያውን የምታስተካክሉበት ሠንጠረዥ ለባሕር ጠለል የተሠራ እንደሆነ አስታውሱ። በ37 ዲግሪ ጅማ ላይ በአየር በጠገበ ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ 80 በመቶ ያህል ነው። ቁጥሩን ሳያርሙ የሠሩ ሰዎች የሕዋሱን ፍጆታ በ25 በመቶ ገደማ አብዝተው ይጽፋሉ፤ ከሌላ አገር ውጤት ጋር ሲነጻጸርም «የጅማ ሰው ማይቶኮንድሪያ የበለጠ ይሠራል» የሚል ያልተጨበጠ ነገር ይመጣል። በዚያን ቀን የተነበበውን የአየር ግፊት ማስገባት ነገሩን ይፈታዋል። ማይቶኮንድሪያውን የሚፈትኑት ኬሚካሎች በቅደም ተከተል ይጨመራሉ፦ ኦሊጎማይሲን (ኤቲፒ ማምረትን የሚያቆም)፣ ቀጥሎ ኤፍሲሲፒ በጥቂት በጥቂቱ፣ በመጨረሻ ሮቴኖንና አንቲማይሲን (የኦክስጅን ፍጆታውን የሚዘጉ)። ኤፍሲሲፒ ከልኩ ካለፈ ራሱ ፍጆታውን ይጥላል፤ ስለዚህ መጠኑ ለየሕዋሱ ዓይነት አስቀድሞ ይፈተሻል። ኒውትሮፊል ማይቶኮንድሪያው ጥቂት ስለሆነ በዚህ መሣሪያ ላይ ብዙ አትጠብቁበት።

በደም ውስጥ የፈሰሰ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ለመለካት ሴረም አይሆንም፤ ደም ሲረጋ ሕዋስና ፕሌትሌት ዲኤንኤያቸውን ይለቃሉ። የኢዲቲኤ ፕላዝማ በ1,600 ጂ ለ10 ደቂቃ፣ ከዚያ የላይኛው ብቻ ወደ አዲስ ቱቦ ተወስዶ በ16,000 ጂ ለ10 ደቂቃ። ሁለተኛው ዙር ሳይሠራ ፕላዝማው ከቀዘቀዘ፣ የቀሩት ፕሌትሌቶች ሲቀልጥ ይፈነዳሉ፤ የፈሰሰው ዲኤንኤ የታካሚው ሳይሆን የፍሪዘሩ ይሆናል። መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ የሞቀበት ቀን በማስታወሻ ይያዝ፤ ቀልጦ ዳግም የቀዘቀዘ ናሙና ለዚህ ልኬት አይውልም። በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ ማስቀመጥም ይረዳል።

የታካሚው መድኃኒት የመጨረሻው ትልቅ ምንጭ ነው። መድኃኒት ለተላመደ ነቀርሳ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በመከረው የስድስት ወር ሕክምና ውስጥ ሊኔዞሊድ በቀን 600 ሚሊግራም አለ። ይህ መድኃኒት የባክቴሪያን ፕሮቲን ማምረቻ ሲይዝ የማይቶኮንድሪያንም ይነካል፤ የእግር መደንዘዝ፣ የደም ማነስ፣ የላክቴት መጨመር የሚመጡት ከዚሁ ነው። በአራተኛ ወር ሕክምና ላይ ያለን ታካሚ ገና ካልጀመረው ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ማስገባት በሽታውንና መድኃኒቱን ያደባልቃል። የስኳር ታካሚ ከሆነ ሜትፎርሚን የማይቶኮንድሪያን የኤሌክትሮን ሰንሰለት የመጀመሪያ ክፍል ይይዛል፤ ዶክሲሳይክሊንም እንደ ሊኔዞሊድ የማይቶኮንድሪያን ፕሮቲን ምርት ይቀንሳል። ስለዚህ ደሙ ሲቀዳ፣ ቱቦው ገና ከሰውዬው አጠገብ ሳለ፣ የተቀዳበት ሰዓት፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ ከጀመረው ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ፣ በቤቱ በምን እንደሚበሰልና የዛሬ ጠዋት ምድጃ አጠገብ መዋል አለመዋሉ ይጠየቅና ከናሙናው ቁጥር ጋር ይጻፍ።